ለጀናዛው የመጣ ውሃ

የያዙኝ መርሳ፣ ሱቄ በር ላይ ነው። የአንድ ገበሬ የውሃ ፓምፕ ፈትቼ እጄ እስከ ክርኔ በዘይት ተለውሶ ነበር። «ተነስ» አሉኝ። «ካርቡሬተሩን ሳልገጥም አልነሳም» አልኳቸው። አንደኛው በሰደፍ ጆሮ ግንዴን አለኝና በፈታሁት ዕቃ ላይ ወደቅሁ። ያን ቀን ሽማግሌው መካኒክ አለቀሰ ብለው የሚያወሩ አሉ። ውሸት ነው። ከወደቅሁበት ሆኜ የተናገርኩት «ቫልቩን ረገጥከው» የሚል ነው። ረግጦትም ነበር።

መርሳ ላይ እኔን የማያውቅ የለም። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ከዘይት ቆርቆሮና ከጭነት መኪና ጎን ላይ ነው። ቁርኣን የቀራሁት መስጊዱ ግንብ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ሌሎቹ ውስጥ ሲቀሩ በማዳመጥ ነው። ሞተርም ማንም አላስተማረኝም። ከወልድያ እስከ ውርጌሳ በመንገዱ ዳር ሽንኩርትና ማንጎ ከሚያጠጣው ፓምፕ በእኔ እጅ ያላለፈ ጥቂት ነው። ይህን የማነሳው ለምን እንደታሰርኩ እንዲገባችሁ ነው።

የታሰርኩት ከዶክተሩ ጋር ነው። የወልድያ ልጅ ነው፤ ብዙ ዓመት ሐኪም ቤት ሠርቶ ጋዋኑን አውልቆ ፖለቲካ ገባ። «ሰው ሆዱን ታሞ ይመጣል፤ አድነዋለሁ፤ ተመልሶ ያንኑ ውሃ ይጠጣል። መታከም ያለበት ውሃው ነው፤ ውሃውን የሚያክመው ደግሞ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው» ይል ነበር። ተወዳደረ፤ አልተመረጠም። ባይመረጥም መዞሩን አልተወም። በሀብሩ ቆላ ድምፅ ማጉያውን በትከሻው አንጠልጥሎ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ውሃ ማፍላት ሲናገር ያላየው መንደር የለም።

በዚያ ክረምት ሰው በተቅማጥና በትውከት መርገፍ ጀመረ። ባለሥልጣኖቹ «አተት ነው» አሉ። ዶክተሩ ገበያ መሐል ቆሞ «ኮሌራ ነው» አለ። ጠቡ በስሙ ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አዎ በስሙ ነው። ኮሌራ ከተባለ ገበያ ይዘጋል፣ ወንዙን ማን አበላሸው ይባላል። ከወንዙ በላይ ሰፍረው የነበሩት ደግሞ በኋላ የያዙን እነዚያው የታጠቁ ሰዎች ናቸው። የየትኛው ወገን እንደነበሩ አልጽፍም፤ ያገሬ ሰው ያውቀዋል።

ዶክተሩ ሱቄ መጣ። «ጋሼ፣ የወንዙን ውሃ ወደ ቦኖው የሚስበውን ፓምፕ ማስነሳት የሚችል ከአንቱ ሌላ ሰው አለ?» አለኝ።

«ከእኔ ሌላ ማን አለ» አልኩት።

«እንግዲያው የማይነሳ ያድርጉልኝ።»

የፓምፑን ሞተር የምታስነሳውን ካንዴላ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። በማግስቱ ሁለታችንንም ያዙን። ክሱ ሕዝብን ውሃ መከልከል የሚል ነበር።

ያገቡን አንድ የተዘጋ የጨው መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። ጣራውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ስለሆነ ረፋድ ላይ እንደ ምጣድ ይግላል። ወለሉ አፈር ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመታኝ ሽታው ነው፤ ቀጥሎ ዝምታው። ያ ሁሉ ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ተቀምጧል፤ አንድም የሚያወራ የለም። ጥግ ላይ መጸዳጃ ባልዲ አለ። ከባልዲው አጠገብ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ ተኝተዋል። ከሐራ በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ልጆችህ ጫካ ገብተዋል ተብለው ነው የተያዙት። ጉልበታቸውን በዱላ ሰባብረውታል። በዚያ ላይ ተቅማጡ ያዛቸው። ታናሽ ወንድማቸው ራስጌያቸው ተቀምጦ ዝንብ ያባርራል።

ዶክተሩ ገና ከመግባቱ ተንበርክኮ የሽማግሌውን የእጅ ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀ። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ።

«ምን እየጠጡ ነው?» አለ።

«የሚሰጡንን» አለ ወንድምየው። «የወንዙን።»

ዶክተሩ ሌላ ቃል ሳይናገር ጠሩት።

የታጣቂዎቹ አዛዥ ቢሮ ከቆርቆሮው ማዶ ነበረ፤ የሚባለው ሁሉ ይሰማል። አዛዡ ድምፁ ለስላሳ ነው። ሲመታ እንኳ አይጮህም። የሚመታው በውሃ ጎማ ነው፤ ባለ አንድ ኢንች፣ ጨርቅ የተጎነጎነበት፣ እኔ ለገበሬ የምገጥመው ዓይነት። የጎማውን ድምፅ ስሰማ ለየሁት።

«ስልኩን አብራና ቅረጽ» ይላል አዛዡ ለሌላው። «በል ዶክተር፣ መርሳ ውስጥ ኮሌራ የለም፣ ተሳስቼ ነው በል። ሁለት ቃል ናት።»

ከዚያ የዶክተሩ ድምፅ፣ ልክ ገበያ መሐል ተቅማጥ ለያዘው የሚጠጣውን ሲያስተምር እንደሚናገረው፤

«አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ። ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው።»

«አጥፋው።»

ከዚያ ጎማው። ጎማ ሥጋ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ እርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ እንደማጠብ ነው። ሲበቃቸው እንደገና ያበራሉ። እሱም እንደገና «አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ…» ይላል።

አጠገቤ የተቀመጠው የባጃጅ ሾፌር የውርጌሳ ልጅ ነው፤ አንገቱ ላይ ማዕተብ አለው። ታጣቂ አሳፍሮ ሒሳብ ስለጠየቀ ነው የታሰረው። ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ አስደግፎ፣ «አባባ፣ ዶክተሩ ሻይ እያዘዘ ነው እንዴ?» አለኝ።

«ዝም በል።»

«ጨው ያለበት ሻይ የየት አገር ነው ብዬ ነው።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ወዲያው ማዶ የዶክተሩ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ በፊት ጮኾ አያውቅም። ሳቁ ቆመ።

መልሰው ሲወረውሩት በፊቱ ተደፋ። እጁን ዘርግቶ መደገፍ አልቻለም። ሁለቱንም እጁን ጠረጴዛ ላይ አስዘርግተው በሰደፍ ቀጥቅጠውታል። ጣቶቹ አብጠው አንዱን ካንዱ መለየት ያስቸግራል።

«ጋሼ፣ እኔ ላያቸው አልፈልግም። አጥንት ወጥቷል?»

አየሁት። «አልወጣም።»

«ደግ።»

አዛዡ በሩ ላይ ቆሞ ጎማውን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። «ዶክተራችሁ እስኪናገር ውሃ የላችሁም» አለን። የነበረችውን ጀሪካንም አስወጣት።

በማግስቱ ማለዳ የሐራው ሽማግሌ ሞቱ። ወንድምየው አልጮኸም። አይናቸውን ከደነ፣ «ኢና ሊላሂ» አለ፣ ጋቢውን ፊታቸው ላይ ሳበ። ከዚያ ተነስቶ ቆርቆሮውን በቡጢ ይደበድብ ጀመር። ጠባቂው በሩን ገርበብ አድርጎ በጠመንጃ አፍ ደረቱን ገፋው።

«ጀናዛ አለን» አለው ወንድምየው። «ውሃ አምጡ። የወንዙን አይደለም፤ ንጹሑን፤ ከመስጊዱ ጉድጓድ።»

ጠባቂው አዛዡን ጠራ። አዛዡ መጥቶ ሬሳውን ከበሩ ሆኖ አየ። ለሕያው ያን ያህል የጨከነ ሰው እዚህ ላይ አመነታ። ወሎ ውስጥ ለሞተ ሰው ውሃ ከልክሎ የሚያድር ሰው የለም፤ ጠላቱም ቢሆን ይሰጣል። አዛዡ ከየትም ይምጣ፣ ጠባቂዎቹ ያገር ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ያዩታል።

«አንድ ጀሪካን ይሰጠው» አለ። «ለሬሳው ነው። አንድ ሰው ቢቀምስ ራሴ አንቀዋለሁ።»

ውሃው መጣ። ቢጫ ጀሪካን፣ እስከ አፉ ሙሉ፣ ላቦት ያወጣ። ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ምራቁን ሲውጥ ሰማሁ፤ ግን እጁን የዘረጋ የለም። እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ለማጠብ ተነሳሁ። ጀናዛ በማጠብ በኩል በሠፈራችን የሚጠሩት እኔን ነው።

ያን ጊዜ የባጃጁ ሾፌር ከኋላዬ አስመለሰ። ውሃ ብቻ ነው የወጣው፤ የሩዝ ውሃ የመሰለ። ለካ ከሌሊት ጀምሮ ደብቆን ኖሯል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። ዶክተሩ በጉልበቱ ድኾ ሄደና አየው። ሲመለስ ጀሪካኑ ፊት ቆመ።

«ይህ ውሃ ንጹሕ ነው» አለ። «ያን ጉድጓድ አውቀዋለሁ። እዚህ ሬሳ ከታጠበበት ግን ውሃው በወለሉ ላይ ሄዶ ሁላችንም ሥር ይገባል፤ በሽታውን እንጋራዋለን። ደግሞ ይህ ልጅ ዛሬ ካልጠጣ ማታ አይደርስም።»

ወንድምየው መጀመሪያ የሰማውን ያመነ አይመስልም። ከዚያ የዶክተሩን ሸሚዝ አንገት ላይ ጨምድዶ ከግድግዳው አጋጨው። ቆርቆሮው ተንጓጓ። «ወንድሜን እንደ ውሻ ልቅበረው? አንተ ቄስህን ጠርተህ ትገነዛለህ፤ የኔ ሳይታጠብ ይሂድ?» ደግሞ አጋጨው። ዶክተሩ እጁን ማንሳት አይችልም፤ ጭንቅላቱ ብቻ ነበር የሚመለሰው። መሐላቸው ገባሁ። ክርኑ አፌን አገኘው፤ ደም ቀመስኩ።

ዶክተሩ ከግድግዳው ላይ ተንሸራትቶ ተቀመጠ። ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆየና ወደኔ ዞረ። «ጋሼ፣ እዚያ ቆላ ውስጥ ድርቅ ሲሆን፣ ውሃ ጠፍቶ ሰው ሲሞት ምን ታደርጋላችሁ?»

መልሱን እያወቀ እንደጠየቀኝ የሚናገሩ አሉ። ሊሆን ይችላል። የመለስኩት ግን እኔ ነኝ።

«ተየሙም» አልኩ። «ውሃ ከጠፋ፣ ወይ ውሃው ጉዳት የሚያመጣ ከሆነ፣ በንጹሕ አፈር ነው። ፊቱንና እጁን። ለሕያው ሰላት እንደሚበቃ ለሞተም ይበቃል።»

«ውሃ ግን አለ» አለ ወንድምየው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንቱ ሲለኝ የነበረ ሰው ነው። «ይኸው አለ። አንተ መካኒክ ነህ፤ ሸህ አይደለህም።»

«ሸህ አይደለሁም። አውቃለሁ ግን።»

«ከየት አወቅህ?»

«ከግንቡ ሥር» አልኩት። «አንተ በሩን ከፍተህ በገባህበት ቤት እኔ ውጭ ተቀምጬ ተምሬያለሁ። የተጠማ ሰው ካለ ውሃው የተጠማው ነው። ለሰላት ለሚታጠቡት ውዱእ እንኳ አይነካም።»

ወንድምየው ጀሪካኑን ሁለት እጁን አድርጎ አቅፎታል። ሾፌሩ ከተኛበት አንገቱን ቀና ለማድረግ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ያንኑ ቀልዱን ግን አልተወም።

«ተዉ እጠቧቸው፣ አባባ» አለ። ድምፁ እንደ ወረቀት ነው። «እኔም ስሞት ይመጣልኝ የለ።»

ወንድምየው አየው። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጀሪካኑን በጉልበቱ ገፍቶ ወደ ዶክተሩ አሻገረና ጀርባውን ሰጠን።

ንጹሕ አፈር ፈለግን። ያ ወለል የሰው ቆሻሻ ያልነካው ቦታ አልነበረውም። በሩ አጠገብ፣ ቆርቆሮው ከመሬት የሚገናኝበት ስንጥቅ ሥር፣ ንፋስ ከውጭ ያስገባው ደቃቅ አፈር አገኘሁ። በዶክተሩ ምክር ወንድምየው እጁን በጨርቅ ጠቀለለ። እኔ አንድ በአንድ ነገርኩት፤ አፈሩን መታ፣ የወንድሙን ግንባርና ጉንጭ እስከ ጺማቸው አበሰ። ደግሞ መታ፣ እጃቸውን አበሰ። ልጅ አልጋ ላይ እንደሚያስተኛ ሰው ነበር የሚያደርገው። ቆመን ሰገድንባቸው። ክርስቲያኖቹም ተነስተው ከኋላችን ቆሙ።

ከዚያ ወደ ሕያው ዞርን። ስኳር ሾፌሩ ራሱ ኪስ ውስጥ ነበረ፤ ሚስቱ በፌስታል ቋጥራ የላከችለት። ጨው ፍለጋ ሩቅ አልሄድንም፤ ጣራው ወራጅ ላይ የተረሳ ጆንያ ውስጥ የጨው ነጭ እንክብል ነበረ። ዶክተሩ ያዛል፣ እኔ እሠራለሁ፤ ጣት ያለኝ እኔ ነኝ። አንድ እስረኛ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሰጠኝ፤ በክዳኑ ለካሁ፣ ጠርሙሱን ነቀነቅሁ። «አንድ አንድ ጉንጭ፣ ጋሼ። ቢያስመልሰው አይደንግጡ፤ ቆይተው ይስጡት።» አስመለሰ። ሰጠሁት። አስመለሰ። ሰጠሁት። የሞተር ዘይት ጠብታ በጠብታ ማንጠብጠብ የለመደ እጅ ስለሆነ አንዲት ጠብታ አላፈሰስኩም።

ቀትር ላይ አዛዡ ሬሳውን ሊያስወጣ መጣ። ጋቢው ደረቅ ነው። ጀሪካኑ ጎድሏል። ሾፌሩ ጭኔ ላይ ተኝቷል። ሁሉን ባንድ ጊዜ አየው።

«ማን ጠጣው?» አለ በዚያ ለስላሳ ድምፁ።

ወንድምየው ተነሳና በአዛዡና በጀሪካኑ መሐል ቆመ። «ውሃው የወንድሜ ነው» አለ። «ላሻው ሰጠ።»

ጎማው ፊቱ ላይ አረፈ። ቅንድቡ ተተረተረ፤ ደሙ አይኑን ሞላው። አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛው ጆሮው ላይ፣ ሦስተኛው አንገቱ ላይ። በጉልበቱ ወደቀና ጀሪካኑን በሰውነቱ ሸፈነው። ጀርባው ላይ ቀጠለ። ሸሚዙ ሲቀደድ፣ ከሸሚዙ ቀጥሎ ቆዳው ሲቀደድ አይቻለሁ። የሾፌሩን ራስ ከጭኔ አውርጄ ተነሳሁ። እዚያ ከነበሩት ውስጥ መጀመሪያ የተነሳሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም ይመስክር። ጎማውን በእጄ ያዝኩት። አዛዡ ነጠቀኝና በሽጉጡ እጀታ አፌን አለኝ። የፊት ጥርሶቼ ምላሴ ላይ እንደ ጠጠር ተንከባለሉ። ዶክተሩም መጣ፤ እጁን ታቅፎ ወንድምየው ላይ ተደፋ። እሱንም በጫማ ጎኑን ረገጠው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰምተናል። ከዚያ ሌላ ሰው ተነሳ፣ ሌላም። ማንም እጁን አልሰነዘረም። ዝም ብለው እየመጡ መሐል ይቆማሉ፤ እየተመቱ ይወድቃሉ፤ ሌላው ይቆማል።

አዛዡ ላብ አጠመቀው። «ጀሪካኑን አውጣ» አለው ጠባቂውን።

ጠባቂው አልተንቀሳቀሰም።

«አውጣ አላልኩህም?»

«የጀናዛ ውሃ ነው፣ ጌታዬ» አለ ጠባቂው። መሬት መሬት ያያል። «እኔ አልነካም።»

አዛዡ በጥፊ መታው። ጠባቂው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካከለና ባለበት ቆመ። አዛዡ ራሱ አንድ እርምጃ ሄደ። ወለሉን አየ፤ ደሙን፣ ትውከቱን፣ የሬሳውን እግር። የኮሌራን ስም የከለከለ ሰው፣ ያን ቀን ኮሌራውን ፈራው። ጎማውን ጥሎ ወጣ።

ሬሳውን ሁለት ጠባቂዎች ተሸክመው ወሰዱ። ወንድምየው እንዲከተል አልተፈቀደለትም። ፊቱ ላይ የረጋውን ደም ሳይጠርግ፣ በሩ እስኪዘጋ ቆሞ ሸኛቸው። ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ የጠርሙሱን ክዳን ከእጄ ወሰደ። «አንቱ ትንሽ ይረፉ» አለኝና ሾፌሩን እሱ ያጠጣ ጀመር። ማታ ላይ ሾፌሩ ሸና፤ ሰውነቱ ውሃ ያዘ ማለት ነው። ዶክተሩ ይህን ሲሰማ በተሰበረ ጎኑ ሳቀ፤ ሐኪሞች እንዲህ ባለ ነገር ደስ ይላቸዋል።

አሁን ሁላችንም ወጥተናል። ዶክተሩ ጣቶቹ በቅጡ አይታጠፉም፤ ድምፅ ማጉያውን ሌላ ሰው ይይዝለታል እንጂ መዞሩን አልተወም። እኔ የፊት ጥርስ የለኝም፤ ፓምፕ ግን ዛሬም ከእኔ የተሻለ የሚፈታ የለም። ከወጣሁ በኋላ ለአንድ ትልቅ ሸህ ያን ቀን የፈረድኩትን ነገርኳቸው። «ደህና ፈርደሃል» አሉኝ። ሳይሉኝም አውቅ ነበር።

ወንድምየው ለገበያ መርሳ ሲመጣ ከመናኸሪያው ሱቄ ድረስ በዚያው ሾፌር ባጃጅ ነው የሚመጣው። ይወርዳል፤ ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ስለ ማሽላው ስለ ዝናቡ እናወራለን። ሊሄድ ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«በአፈር፣ ይበቃዋል ግን?»

«ይበቃዋል» እለዋለሁ።

የሸሁንም መልስ ነግሬዋለሁ። ያም ሆኖ በየገበያው ይጠይቀኛል። ሌላ ሰው ቢሆን አንዴ የተናገርኩትን አልደግምም። ለእሱ ግን እስከ ዕለተ ሞቴ እደግማለሁ። ራሱን ይነቀንቃል፤ ሾፌሩ በዚህ ጊዜ ክላክሱን ይነፋል፤ ሌላ ተሳፋሪ አግኝቷል።